ወጀቡ ሄገርስታውን ሲደርስ ስንት ደቂቃ አላችሁ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሰመር ላይ ከምዕራብ ተሰልፎ ስለሚመጣው ከባድ ወጀብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ማታ የሆነውን የምታስታውሱ አላችሁ። ቀኑን ሙቀቱ 104 ዲግሪ ፋራናይት ደርሶ ዋለና፣ ማታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከኢንዲያና በኩል ሲያፈርስ የመጣ የነፋስ ረድፍ ዋሽንግተን ገባ። ባለፈባቸው ስቴቶች ከ4 ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ቀሩ፤ በብዙ ሰፈር መብራት የተመለሰው ከቀናት በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ረጅም መንገድ የሚጓዝ የነፋስ ወጀብ አሜሪካኖቹ ዴሬቾ ይሉታል። በየዓመቱ ያን ያህል የከፋ አይመጣም፤ ትንንሾቹ ግን በየሰመሩ አሉ።

ጥያቄ፦ እድራችን 60 ቤተሰብ አለው፤ ከአባላቱ ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የማያነቡ አረጋውያን ናቸው። ከባድ ወጀብ ሲመጣ ለሁሉም እንዴት እናድርስ? መቼስ እንጀምር? ‹ዋች› እና ‹ዋርኒንግ› የሚባሉትንም እያምታታን ነው።
— የእድር ጸሐፊ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ከሁለቱ ቃላት እንጀምር። ‹ሲቪር ተንደርስቶርም ዋች› ሲባል ለከባድ ወጀብ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል፣ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚያወጣው ኦክላሆማ፣ ኖርማን ከተማ ያለው የወጀብ ትንበያ ማዕከል ሲሆን ብዙ ካውንቲዎችን በአንድ ላይ ይሸፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ለበርካታ ሰዓታት ይጸናል። ‹ዋርኒንግ› ሲባል ግን ወጀቡ በራዳር ታይቷል ወይም በዓይን ተረጋግጧል፣ ወደ እናንተም እየመጣ ነው። ለእኛ አካባቢ ይህን የሚያወጣው ስተርሊንግ፣ ቨርጂኒያ ያለው የናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ቢሮ ነው፤ ዕድሜውም ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ነው። መስፈርቱ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 58 ማይል ወይም ከዚያ በላይ መሆኑ፣ አለዚያም የበረዶው ጠጠር 1 ኢንች፣ ማለትም የኳርተር ሳንቲም ያህል መድረሱ ነው። መብረቅ ከመስፈርቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ምንም ማስጠንቀቂያ ያልወጣለት ተራ ዝናብም በመብረቅ ሊገድል ይችላል።

የእድሩ ሥራ ዋች ከወጣ ጀምሮ ዋርኒንግ እስኪወጣ ባለው ጊዜ ውስጥ ማለቅ አለበት። ዋርኒንግ ከወጣ በኋላ ሰው ቤቱ ገብቶ ከመስኮት ይራቅ እንጂ ስልክ የመዞሪያ ጊዜ አይደለም።

አሁን ደቂቃውን እናስላው። እንዲህ ያለ ረድፍ ሲፈጥን በሰዓት 60 ማይል፣ ማለትም በደቂቃ 1 ማይል ይጓዛል። ሄገርስታውን ወይም ዊንቸስተር ላይ ከታየ ከዋሽንግተን 70 ማይል ያህል ይርቃል፤ የቀረው 70 ደቂቃ ነው። ፍሬድሪክ ወይም ሊስበርግ ከደረሰ 40 ደቂቃ ገደማ ቀርቷል። ብዙ ረድፎች የአፓላቺያንን ተራሮች ሲሻገሩ ይደክማሉ፤ የ2012ቱ ግን አልደከመም፤ ስለዚህ ተራራው ያድነናል ብላችሁ አትጠብቁ። ከአንድ አረጋዊ ጋር ሰላምታውን ጨምሮ የሚደረግ የስልክ ንግግር ቢያጥር 2 ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ጸሐፊ ለ60 ቤት ልደውል ቢል 2 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ሁሉንም ሳያዳርስ ነፋሱ ይቀድመዋል። ስድስት ደዋዮች አሥር አሥር ቤት ቢከፋፈሉ ግን በ20 ደቂቃ ያበቃል።

እያንዳንዱ ደዋይ ተጠባባቂ ይኑረው፤ ተጠባባቂውም ሌላ ሰፈር የሚኖር ይሁን፤ የሁለቱም መብራትና ኢንተርኔት አብሮ እንዳይጠፋ። ዝርዝሩ በወረቀት ይጻፍ፤ ባትሪው ያለቀ ስልክ ውስጥ ያለ ዝርዝር አይነበብም። ከስምና ከስልክ ቁጥር ጎን የጎረቤት ወይም የልጅ ስልክ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ጆሮው በደንብ ይሰማ እንደሆነ፣ በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ እንዳለው፣ የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ይስፈር። ያላነሳ ሰው ሁለቴ ይደወልለት፤ ካልተገኘ ጎረቤቱ ያንኳኳለት። ደዋዩ ሲጨርስ ለአስተባባሪው «አሥር ከአሥር» ወይም «ስምንት ከአሥር፣ የቀሩት እነማን ናቸው» ብሎ ያሳውቅ። በ20 ደቂቃ ውስጥ ድምፁ ካልተሰማ ተጠባባቂው የእርሱን አሥር ቤት ይረከባል።

ብዙ እድሮች የቫይበር ወይም የቴሌግራም ግሩፕ አለን ብለው ይተዋሉ። ግሩፑ መልካም ነው፤ ችግሩ ማስጠንቀቂያው ከሠላሳ «እንኳን አደረሳችሁ» ሥር መቀበሩ ነው። ለድንገተኛ ብቻ የሚሆን፣ አስተዳዳሪዎቹ ብቻ የሚጽፉበት ሌላ ግሩፕ ክፈቱ። ማንበብ ለሚቸግራቸው በድምፅ ቅዱት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የሰዓት አቆጣጠሩ ነው። «ወጀቡ 9 ሰዓት ላይ ይደርሳል» ቢባሉ፣ ልጃቸው ከማታው 9 ፒኤም ማለቱ ሲሆን እናት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ማለትም 3 ፒኤም ብለው ሊረዱት ይችላሉ። ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። ቀን ጠብቀው ሳይመጣ ሲቀር «አለፈ» ብለው ማታ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ይነገር። መልእክቱን ከወዲሁ እንዲህ አዘጋጁት፤ ሰዓቱን ብቻ ትለውጣላችሁ፦

«እንደምን ዋሉ። ከእድሩ ነው። ዛሬ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት፣ በአሜሪካ ሰዓት ከ5 እስከ 9 ፒኤም፣ ከባድ ነፋስና መብረቅ ይጠበቃል። ስልክዎን አሁን ቻርጅ ያድርጉ። ውሃ ይቅዱ። በረንዳ ላይ ያለውን ወንበርና የአበባ ማሰሮ ያስገቡ። ነፋሱ ሲጀምር ከመስኮት ይራቁ። ካለፈ በኋላ መልሰን እንደውላለን።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቃል ነውና ይጠበቅ። በ2012 ወጀቡ ካለፈ በኋላ ከባዱ ሙቀት ለቀናት ቀጥሎ ነበር፤ ያለ ኤሲ የቀሩ አረጋውያን አደጋ የገጠማቸውም ያኔ ነው። ሁለተኛው ዙር ስልክ በማግሥቱ ጠዋት፣ ሦስተኛው ከሰዓት በኋላ ይሁን። መብራት ያለው አባል ቤት ወይም ካውንቲው የሚከፍተው ማቀዝቀዣ ያለው አዳራሽ ማን እንደሚወስዳቸው ቀድሞ ይወሰን።

ጠዋት ጠዋት የወጀብ ትንበያ ማዕከሉን ካርታ የሚያይ አንድ ሰው መድቡ። አምስት ደረጃ አለው፤ ጥቁር አረንጓዴ 1፣ ቢጫ 2፣ ብርቱካናማ 3፣ ቀይ 4፣ ሮዝ የመሰለው 5። ብርቱካናማ ከሆነ ደዋዮቹ ከቀትር በፊት ዝግጁ ይሁኑ። ቢጫ ቀን ግን ቀላል ቀን ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ የሚናገረው ወጀቡ ምን ያህል ቦታ ሊያዳርስ እንደሚችል ጭምር ነው። በእናንተ ጣሪያ ላይ የሚወድቀው ዛፍ አንድ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ለቶርኔዶና ለጎርፍ ይጮኻል። ባለፈው ግን ነፋሱ ዛፍ ሲገነድስ ዝም አለ። ተበላሽቶ ነው?
— አንባቢ፣ አሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አልተበላሸም። ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ ሁሉንም ስልክ የሚያስጮኸው የወጀብ ዋርኒንግ በጣም ከባዱ ብቻ ነው፤ ነፋሱ 80 ማይል በሰዓት ወይም በረዶው 2.75 ኢንች፣ የቤዝቦል ኳስ ያህል ሲሆን። 65 ወይም 70 ማይል የሚሮጥ ነፋስ ዋርኒንግ ይወጣለታል፤ ስልክዎ ግን አይጮኽም። በ2012 በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የተለካው 70 ማይል ገደማ ነበር፤ ዛሬ ቢደገም እንኳ በዚያ ፍጥነት ብቻ ስልክ አያስጮኽም ነበር። የሚመጣው ጽሑፍም በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው።

ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ በሚኖሩበት ከተማ ወይም ካውንቲ የማስጠንቀቂያ አገልግሎት ይመዝገቡ፤ ነጻ ነው፤ ለየትኛው ዓይነት አደጋ እንዲላክልዎ ሲጠይቅ ‹ሲቪር ተንደርስቶርም ዋርኒንግ› የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ሁለተኛ፣ ቢያንስ ደዋዮቹ ቤት የናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ሬዲዮ ይኑር። በ162.400 እና በ162.550 ሜጋኸርትዝ መካከል ባሉ 7 ጣቢያዎች ይሠራል፤ ለዋሽንግተን አካባቢ 162.550 ነው። መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይቀጥላል፤ ሌሊትም ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ቢሆንም ጩኸቱ ቋንቋ አይፈልግም።

ሬዲዮውን ገዝተው የሚያማርሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የካውንቲ ኮድ ያላስገቡ ናቸው፤ ሦስት ስቴት ርቆ ላለ ዝናብ ሳይቀር እየጮኸ ሲያስቸግራቸው ይነቅሉታል። ለዲሲ 011001፣ ለሞንትጎመሪ 024031፣ ለፕሪንስ ጆርጅስ 024033፣ ለአርሊንግተን 051013፣ ለፌርፋክስ 051059፣ ለአሌክሳንድሪያ ከተማ 051510 ያስገቡ። ከምዕራብ ያለውን የጎረቤት ካውንቲም ቢጨምሩ ጥቂት ደቂቃ ይቀድማሉ። ረቡዕ ረፋድ ላይ የሳምንቱ ሙከራ አለ፤ የሬዲዮው መብራት ብልጭ ካላለ አንቴናውን ወደ መስኮት ያስጠጉ።

ጥያቄ፦ ጁላይ ላይ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ 300 ሰው የሚገኝበት በዓል አለን። 10 በ10 ጫማ የሆኑ ስምንት ድንኳኖች እንተክላለን። ነፋስ ቢመጣ ሰው ድንኳኑን ቢይዝ ይበቃል?
— የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አይበቃም። ድንኳን እግር ላይ የተንጠለጠለ ሰው ከድንኳኑ ጋር ይነሳል። ሒሳቡን ተመልከቱት። 10 በ10 የሆነው ሸራ ስፋቱ 100 ስኩዌር ጫማ ነው። በሰዓት 30 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ሸራውን ፊት ለፊት ካገኘው ወደ 230 ፓውንድ ይገፋዋል። 60 ማይል ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 920 ፓውንድ ይደርሳል፤ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነውና። በየእግሩ 40 ፓውንድ ብታስሩ ለአራቱ 160 ፓውንድ ነው። ይህ ለተራው የቀን ነፋስ ነው እንጂ ለወጀብ አይደለም። ውሃ የሞላው ባለ 5 ጋሎን ባልዲ 42 ፓውንድ ገደማ ስለሚመዝን ለየእግሩ አንድ አንድ ይበቃል፤ ገመዱ ግን ከድንኳኑ ጫፍ ወርዶ ይታሰር፤ ከእግሩ ታች ብቻ የታሰረ ባልዲ ነፋሱ ሸራውን ሲገለብጠው አይከላከልም።

ስለዚህ ዋች ሲወጣ ድንኳኑ ይውረድ። ስምንቱን ለማፍረስ ለእያንዳንዱ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ማን የትኛውን እንደሚያፈርስ ጠዋት ስም ይጻፍበት። ጊዜ ካጠረ ሸራውን ገፍፋችሁ እግሩን ዝቅ አድርጉና መሬት ላይ ተዉት።

መብረቅን በተመለከተ ድንኳንም ሆነ ግድግዳ የሌለው የፒክኒክ ጣሪያ መጠለያ አይደለም። መብረቅ ዝናቡ ካለበት 10 ማይል ርቆ ሊወርድ ይችላል። ነጎድጓድ ከተሰማ ሁሉም ወደ ሕንጻ ይገባል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ማንም አይወጣም። አዲስ ነጎድጓድ በተሰማ ቁጥር 30ው ደቂቃ እንደገና ይጀምራል። ልጆች ዝናቡ ሲያባራ ኳስ ይዘው ሮጠው የሚወጡት ያኔ ነውና በሩ ላይ ትልቅ ሰው ይቁም።

300 ሰው፣ ሕፃናትና ምርኩዝ የያዙ አረጋውያን ያሉበት፣ አዳራሽ እስኪገባ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ለድንኳኑና ለምድጃው 15 ጨምሩበት። ስለዚህ ረድፉ ፍሬድሪክን ሳያልፍ መወሰን አለባችሁ። የሚወስነው አንድ ሰው ይሁን፤ ስሙም ለሁሉ ይነገር። ኮሚቴው ቆሞ ሲከራከር ደቂቃው ያልቃል። ታቦት የሚወጣበት በዓል ከሆነ ደግሞ ከበዓሉ በፊት ከአስተዳዳሪው አባት ጋር ተቀምጣችሁ፣ «ይህ ሰዓት ከደረሰ እንዲህ እንላለን» ብላችሁ ተስማሙ። በዕለቱ በሕዝብ ፊት ጆሮ ላይ የሚንሾካሾክ ሰው ማንንም አይረዳም።

ወጥ ቤቱ መጀመሪያ ይዘጋ። የፕሮፔን ሲሊንደሩ ከራሱ ከአናቱ ይዘጋ፤ የምድጃውን ቁልፍ መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ ጎማው ሲነቀል ጋዙ ይወጣል። የሚፈላውን ድስት ይዞ የሚሮጥ አይኑር፤ ወጡ ባለበት ይቅር። የድምፅ ማጉያው ይነቀል፤ ማስታወቂያው በባትሪ ሜጋፎን ይነገር።

አዳራሽ ውስጥም ቦታ ይመረጣል። ሰፊ ጣሪያ ያለውና በመስኮት የተከበበው ትልቁ ክፍል ጥሩ አይደለም፤ ኮሪደር፣ ምድር ቤትና መስኮት የሌላቸው ክፍሎች ይሻላሉ። መኪናው ውስጥ የሚጠለል ሰው ከመብረቅ ይድናል፤ የፓርኪንጉ ዳርቻ በትልልቅ ኦክ ዛፎች የተከበበ ከሆነ ግን ከዛፍ አይድንም። በ2012 በቀጥታ በወጀቡ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደላቸው የወደቀ ዛፍ ነው።

ነፋሱ ከዝናቡ እንደሚቀድምም አትርሱ። ሞቃቱ አየር በድንገት ሲበርድ፣ ከምዕራብ መደርደሪያ የመሰለ ዝቅ ያለ ጥቁር ደመና ሲታይ፣ ዝናብ ገና ጠብ ሳይል ከባዱ ነፋስ ይደርሳል። «ሲዘንብ እንገባለን» ያለ ሰው ዘግይቷል።

ጥያቄ፦ እናቴ 11ኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ናት። ኦክስጅን የምታገኘው በመብራት ከሚሠራ ማሽን ነው፤ ኢንሱሊንም ትወስዳለች።
— አንባቢ፣ አርሊንግተን

መልስ፦ የመጠባበቂያ ሲሊንደር ከኦክስጅን አቅራቢው ዛሬውኑ ይጠይቁ። ‹ኢ› የሚባለው መጠን ሲሞላ 680 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በደቂቃ 2 ሊትር ለሚወስድ ሰው 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። መብራት ለቀናት ሊጠፋ ስለሚችል ሲሊንደሩ ወደ ሌላ ቤት መሄጃ ጊዜ መግዣ ነው፤ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃና የት እንደሚሄዱ አብረው ይወስኑ። መክፈቻ ቁልፉ በገመድ ሲሊንደሩ ላይ ይታሰር፤ በጨለማ የሚጠፋው እርሱ ነው። ወደ ሲሊንደር መቀየሩን እናትዎ ራሳቸው በእጃቸው አንዴ ይለማመዱት። የመብራት ኩባንያው የሕክምና መሣሪያ ያላቸውን ይመዘግባል፤ ያስመዝግቧቸው፤ ግን መመዝገብ መብራቱ ቶሎ እንደሚመለስ ዋስትና አይሰጥም።

ዋች ሲወጣ ከ11ኛ ፎቅ ቢወርዱ ይሻላል። መብራት ከጠፋ ሊፍት የለም፤ ውሃ የሚገፋው ሞተርም ሲቆም ከላይኞቹ ፎቆች ውሃ ይቋረጣል። ካልወረዱ ለአንድ ሰው በቀን 1 ጋሎን መጠጥ፣ ለመጸዳጃ ደግሞ ገንዳውን ሞልተው ይጠብቁ።

አብዛኛው ኢንሱሊን ከፍሪጅ ወጥቶ ከ86 ዲግሪ ፋራናይት በታች እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የእናትዎን ከፋርማሲስቱ ያረጋግጡ፤ የወጣበትን ቀን በጠርሙሱ ላይ ይጻፉ። በረዶ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፤ ወደ በረዶነት የተለወጠ ኢንሱሊን ይበላሻል፤ በፎጣ ይጠቅልሉት። አገር ቤት በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ማሰሮ ጥሩ ያቀዘቅዛል፤ ዋሽንግተን ጁላይ ላይ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ውሃው በደንብ አይተንም፤ ብዙም አይተማመኑበት።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ቡናውን በከሰል እናፈላለን። መስኮት ከከፈትን ችግር አለው?
— ቤተሰብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ አለው፤ ይገድላል። ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በጣም ያስደነገጠን ይህ ነው። አገር ቤት የለመድነው ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍም ሲሆን ወደ ቤት ማስገባት ነው። ጭሱ ስለጠፋ ንጹሕ የሆነ ይመስላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይታይም፣ አይሸትም፤ ከሰሉ ቀይ ፍም ሆኖ እየጋመ ሳለ ነው በብዛት የሚወጣው። ለኤሲና ለክረምት ብርድ ተብሎ በሩና መስኮቱ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ አፓርታማ ደግሞ አየሩን እንደ ጭቃ ቤት አያስተላልፍም። አንድ መስኮት መክፈት አይበቃም። ጋራዥም፣ በረንዳም አይሆንም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው። ራስ ምታቱን ለቡና ማጣት ወይም ለሙቀቱ ይሰጡታል፤ ቡናው ዙሪያ የተቀመጡት ሁሉ አንድ ላይ ካማቸው ግን ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፤ ሁላችሁም ወዲያው ውጡና ከውጭ 911 ደውሉ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በየቤቱ ይኑር።

ቡናው አይቅር። ዋች ሲወጣ ቁሉት፣ ፍጩት፣ አንድ ትልቅ ፔርሙስ አፍልታችሁ ሙሉ። የጋዝ ምድጃ ካላችሁ ደግሞ የላዩን እሳት በክብሪት ለኩሳችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ ጀበናውን ሳትለዩ ልታፈሉ ትችላላችሁ፤ የጋዝ ሽታ ካለ ግን ክብሪት አትጫሩ፣ ውጡ።

ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ፣ ጭስ ማውጫው ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ። ነዳጅ የሚጨመረው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ከግድግዳው ሶኬት ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ውጭው መስመር ተመልሶ የሚጠግነውን ሠራተኛ ይገድላል።

ጥያቄ፦ ማታ ታክሲ እሠራለሁ። ወጀቡ መንገድ ላይ ቢያገኘኝስ?
— ሹፌር፣ ዲሲ

መልስ፦ ከዛፍና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ርቀው ይቁሙ፤ የነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር ግን አይጠለሉ፤ ነፋስ ይጥለዋል። የትራፊክ መብራት ከጠፋ መስቀለኛውን መንገድ በአራቱም በኩል ‹ስቶፕ› እንዳለበት ይቁጠሩት። የሚፈስ ውሃ 12 ኢንች ሲደርስ ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 2 ጫማ ከሆነ ኤስዩቪም ይወስዳል። ማታ ጥልቀቱ ስለማይታይ ይመለሱ።

ሽቦ መኪናዎ ላይ ከወደቀ ውስጥ ይቆዩና 911 ይደውሉ። የሚያስወጣዎት እሳት ብቻ ነው፤ ያኔም መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነኩ፣ ሁለቱን እግር ገጥመው ዘለው ይውረዱ፤ ከዚያ እግር ሳያነሱ፣ እየተንሸራተቱ ቢያንስ 35 ጫማ ይራቁ። አንድ እርምጃ ሰፊ ከሆነ በሁለቱ እግሮች መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት ይፈጠርና በሰውነት ያልፋል።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋና ወጥ ስንት ሰዓት ይቆያል?
— አንባቢ፣ ፌርፋክስ

መልስ፦ ፍሪጁ ካልተከፈተ 4 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወጥና አይብ ይጣሉ። ንጥር ቅቤ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ችግር የለባቸውም። እንጀራም አይመርዝም፤ በሙቀቱ ግን ቶሎ ይሻግታል። የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ይይዛል፤ ክፍት ቦታውን ከወዲሁ በውሃ ጠርሙስ ይሙሉት። ሥጋው በረዶነቱ ካለቀ በኋላ ሽታው ቢያምርም ለክትፎ አይሆንም። በረዶው ገና ካልሟሸሸ በደንብ ተጠብሶ ይበላ።

ጥያቄ፦ አባቴ እንግሊዝኛ አይናገሩም። 911 ደውለው ምን ይላሉ?
— አንባቢ፣ ዉድብሪጅ

መልስ፦ 911 በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛል። አስተርጓሚው እስኪመጣ ደቂቃ ሊያልፍ፣ መስመሩም ሊቋረጥ ስለሚችል መጀመሪያ አድራሻው ይነገር፤ ቀጥሎ ‹አምሃሪክ› ይበሉ፤ ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ። በ2012 ወጀቡ ካለፈ በኋላ በሰሜን ቨርጂኒያ በአንዳንድ ቦታዎች 911 ራሱ ተቋርጦ ነበር። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለው የእሳት አደጋ ጣቢያ የት እንደሆነ ይወቁ፤ የካውንቲውን ባለ አሥር አሃዝ ቁጥርም ከስልኩ አጠገብ ይጻፉ።

አድራሻውን በእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ አይጻፉላቸው። እንደሚነበበው በፊደላችን ይሁን፤ ለምሳሌ የቤት ቁጥሩ 912፣ ክፍሉ 304 ቢሆን፣ «ናይን ቱዌልቭ»፣ ቀጥሎ የመንገዱ ስም፣ ቀጥሎ «አፓርትመንት ስሪ ኦ ፎር»፣ ከሥሩ «አምሃሪክ» ብለው በትልልቁ ይጻፉና በስልኩ ጎን ግድግዳው ላይ ይለጥፉት። ከዚያ መብራቱን አጥፍተው፣ በባትሪ ብርሃን ሦስት ጊዜ ጮክ ብለው እንዲያነቡልዎት ይጠይቋቸው።